ፖርቱጋልኛና ሒሳብን በአንድ ዲግሪ ማጥናት፦ በዩናይትድ ኪንግደም ለመማር ለሚያስቡ አመልካቾች የተዘጋጀ ማብራሪያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት የሚዘጋጁ ተማሪዎች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ከምወዳቸው ሁለት ትምህርቶች የትኛውን ልተው?» የሚለው ነው። በአገራችን ተማሪው ገና በሁለተኛ ደረጃ ሳለ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ስለሚመርጥ፣ የቋንቋና የሒሳብ ዝንባሌ በአንድ ሰው ዘንድ አብረው አይሄዱም የሚል አስተሳሰብ በስፋት ይታያል። በዩናይትድ ኪንግደም ዩኒቨርሲቲዎች ግን ቋንቋንና ሒሳብን በአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ አጣምሮ መማር የተለመደ አሠራር ነው። ይህ ማብራሪያ ከእነዚህ ጥምረቶች መካከል የፖርቱጋልኛና የሒሳብ ጥምር ዲግሪን በምሳሌነት ወስዶ ትምህርቱ እንዴት እንደሚደራጅ፣ አመልካቾች ምን ማዘጋጀት እንዳለባቸውና ማስረጃውን ይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ምን ሊጠየቁ እንደሚችሉ ይገልጻል።

የማብራሪያው ዋና መልእክት አጭር ነው። ሁለት ትምህርቶች በአንድ ዲግሪ ስም ውስጥ ጎን ለጎን ስለተጻፉ ብቻ አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ተማሪው በየዓመቱ የሚያደርገው የኮርስ ምርጫ፣ በተለይም በሦስተኛው ዓመት በውጭ አገር የሚያሳልፈው ቆይታ ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰበበት ተማሪ ከአራት ዓመት ድካምና ከከፍተኛ የቤተሰብ ወጪ በኋላ በሁለቱም ሙያዎች በከፊል ብቻ የተዘጋጀ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ጥምር ዲግሪ ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ ጽሑፍ ጥምር ዲግሪ የምንለው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የትምህርት ዓይነቶችን በአንድ ፕሮግራም አስተምሮ የሚሰጠውን አንድ ዲግሪ ነው። ተማሪው የሚያገኘው ሁለት ዲፕሎማ አይደለም። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ከሚሰጡት ዲግሪ፣ እንዲሁም ሁለት ዲግሪ ከሚያስገኝ ድርብ ፕሮግራም ጋርም መምታታት የለበትም።

አመልካቾች የፕሮግራሙን ስም በጥንቃቄ ማንበብ ይኖርባቸዋል። «ሒሳብ እና ፖርቱጋልኛ» የሚለው ስያሜ በአብዛኛው ሁለቱ ትምህርቶች እኩል ድርሻ እንዳላቸው ያመለክታል። «ሒሳብ ከፖርቱጋልኛ ጋር» የሚለው ደግሞ ሒሳቡ ዋና፣ ቋንቋው ንዑስ ትምህርት መሆኑን ይገልጻል። በስሙ ላይ የሚታየው ልዩነት አንድ ቃል ብቻ ቢሆንም፣ በአራት ዓመት ውስጥ በሚወሰዱት ኮርሶች ብዛት ላይ የሚያስከትለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው።

ጊዜው እንዴት ይከፋፈላል?

በዩናይትድ ኪንግደም አንድ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በዓመት 120 ክሬዲት ይወስዳል። አንድ ክሬዲት የክፍል ትምህርትን፣ የግል ጥናትንና የፈተና ዝግጅትን ጨምሮ ወደ 10 የሥራ ሰዓት ተደርጎ ይታሰባል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ትምህርት 1,200 ሰዓት ያህል ነው። በእኩል ጥምር ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ትምህርት 60 ክሬዲት፣ ማለትም 600 ሰዓት ይደርሰዋል። ይህ በ30 የትምህርት ሳምንታት ቢከፈል ለሒሳብ በሳምንት 20፣ ለቋንቋም 20 ሰዓት ይሆናል።

ይህ ስሌት ሁለት ነገሮችን ያስገነዝባል። አንደኛ፣ የጥምር ዲግሪ ተማሪ የሥራ ጫና ሒሳብ ብቻ ከሚያጠናው ተማሪ አያንስም። ሁለተኛ፣ የሚወስደው የሒሳብ መጠን ግን ሒሳብ ብቻ የሚያጠናው ተማሪ ከሚወስደው በግማሽ ያህል ያነሰ ነው። ከዚህም የተነሣ የትኛውን ግማሽ እንደሚወስድ መምረጥ ለጥምር ዲግሪ ተማሪ ከሌሎች ይልቅ ወሳኝ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ አንድ ቋንቋ ያለበት ጥምር ዲግሪ የውጭ አገር ቆይታውን ጨምሮ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል። በስኮትላንድ መደበኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ራሱ አራት ዓመት ስለሆነ፣ ሙሉ የውጭ አገር ዓመት ሲጨመርበት አምስት ዓመት ሊደርስ ይችላል።

የፖርቱጋልኛው ክፍል

በዩናይትድ ኪንግደም ትምህርት ቤቶች ፖርቱጋልኛ በሰፊው ስለማይሰጥ፣ ቋንቋውን የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ምንም ዕውቀት የሌላቸውን ተማሪዎች ከመነሻው ያስተምራሉ። በመሆኑም ፖርቱጋልኛ ተምሮ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አመልካች በዚህ ምክንያት ብቻ ወደ ኋላ ማለት አይኖርበትም። ይሁን እንጂ ከመነሻ የሚጀምር ተማሪ ፍጥነቱ ከባድ እንደሚሆንበት ማወቅ አለበት። በሁለት ዓመት ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ክፍል ተቀምጦ ትምህርት ለመከታተል የሚያበቃ ደረጃ ላይ እንዲደርስ ይጠበቅበታል።

ትምህርቱ ሰዋስውና ንግግር ብቻ አይደለም። የፖርቱጋልን፣ የብራዚልንና የአፍሪካን ፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አገሮች ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ማኅበረሰብ ያካትታል። ፖርቱጋልኛ ከ250 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሚናገሩት ሲሆን፣ በአፍሪካ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክ፣ በጊኒ ቢሳው፣ በኬፕ ቨርዴና በሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ነው። ለኢትዮጵያ ታሪክ ፍላጎት ያለው ተማሪም የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ታሪካችን ጠቃሚ ምንጮች በዚህ ቋንቋ የተጻፉ መሆናቸውን ሊያስተውል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን አባል የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 ታትሟል።

የሒሳቡ ክፍል

የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ደረጃ በደረጃ የሚገነባ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጄብራ፣ የማረጋገጫ አጻጻፍና ፕሮባብሊቲ በአብዛኛው ግዴታ ናቸው። በሁለተኛው ዓመት የሚሰጡት ኮርሶች በእነዚህ ላይ ይመሠረታሉ፤ የመጨረሻው ዓመት ኮርሶች ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ላይ። አንድ ኮርስ ያልወሰደ ተማሪ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚፈልገው ኮርስ ተዘግቶበት ሊያገኘው ይችላል።

የጥምር ዲግሪ ተማሪ ሁሉንም ቅርንጫፍ ለመውሰድ ቦታ ስለማይኖረው፣ እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አንድ መስመር ቢይዝ ይመከራል። በአንድ በኩል ወደ አናሊሲስና ወደ አብስትራክት አልጄብራ የሚያመራ መስመር አለ፤ ይህ በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል ለሚፈልግ ተማሪ ይጠቅማል። በሌላ በኩል ወደ ስታትስቲክስና ወደ መረጃ ትንተና የሚያመራ መስመር አለ፤ ይህ ደግሞ በባንክ፣ በመድን፣ በሕዝብ ጤናና በመሳሰሉት መስኮች መሥራት ለሚሻ ተማሪ ይስማማል። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት መውሰድ ሰፊ ዕውቀት የሚሰጥ ቢመስልም፣ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለማለፍ የሚጠየቀውን መሠረት ሊያጓድል ይችላል።

ሦስተኛው ዓመት፦ ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙበት ጊዜ

የቋንቋ ተማሪዎች ሦስተኛውን ዓመት ቋንቋው በሚነገርበት አገር ያሳልፋሉ። ፖርቱጋልኛ የሚያጠና ተማሪ በአብዛኛው ወደ ፖርቱጋል ወይም ወደ ብራዚል ይሄዳል። ዓመቱ በአጋር ዩኒቨርሲቲ በመማር ወይም በሥራ ልምምድ ሊታለፍ ይችላል።

ለጥምር ዲግሪ ተማሪ ትልቁ አደጋም ትልቁ ዕድልም ያለው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ዓመቱን በሙሉ በቋንቋ ኮርስ ብቻ ካሳለፈ፣ ለአሥራ አምስት ወራት ያህል ሒሳብ ሳይነካ ወደ መጨረሻው ዓመት ይመለሳል። የመጨረሻው ዓመት የሒሳብ ኮርሶች ግን ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ምንም እንዳልተቋረጠ አድርገው ይቀጥላሉ። ከቋንቋው ቆይታ የተገኘው ጥቅም በሒሳቡ ውጤት መውረድ ሊጠፋ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው በውጭ አገር ቆይታ ወቅት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት የሒሳብ ኮርስ በፖርቱጋልኛ መውሰድ ነው። ይህን ለማድረግ የሚያመች የትምህርት ባህል በሁለቱም አገሮች አለ። የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1290 የተመሠረተ ሲሆን፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሒሳብ ያስተማረው ፔድሮ ኑነስ፣ መርከብ በአንድ ቋሚ የኮምፓስ አቅጣጫ ሲጓዝ በሉላዊቷ ምድር ላይ የሚሠራው መስመር ቀጥታም አጭሩም መንገድ አለመሆኑን፣ ወደ ዋልታው እየተጠማዘዘ የሚጠጋ መስመር መሆኑን ያሳየ ምሁር ነው። በብራዚል ደግሞ በሪዮ ዴ ጃኔሮ የሚገኘው የንጹሕና የተግባር ሒሳብ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1952 ተቋቁሟል። በዚሁ ተቋም የዶክትሬት ዲግሪውን የያዘው አርቱር አቪላ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሒሳብ ሊቃውንት የሚሰጠውን የፊልድስ ሜዳልያ ተሸልሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ የተካሄደውም በሪዮ ዴ ጃኔሮ ነበር።

አመልካቾች ልብ ሊሉት የሚገባው ነጥብ፣ አጋር ዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎችን በሒሳብ ክፍል መቀበሉ በራሱ የተረጋገጠ አለመሆኑ ነው። ስምምነቱ በቋንቋ ፋኩልቲዎች መካከል ብቻ የተደረገ ሊሆን ይችላል። ይህን ከማመልከት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቋንቋና ቁጥር በተግባር ሲገናኙ

ሁለቱን ትምህርቶች አብሮ ማወቅ ምን ጥቅም እንዳለው አንድ ቀላል ምሳሌ ያሳያል። በብራዚል «ቢልያው» የሚባለው ቁጥር እኛ ቢሊዮን የምንለው፣ ማለትም አንድ ሺህ ሚሊዮን ነው። በፖርቱጋል ግን በአነጋገር ተመሳሳይ የሆነው ቃል የሚያመለክተው አንድ ሚሊዮን ሚሊዮንን፣ ማለትም እኛ ትሪሊዮን የምንለውን ነው፤ አንድ ሺህ ሚሊዮንን ለመግለጽ ፖርቱጋላውያን ቃል በቃል «ሺህ ሚሊዮን» ይላሉ። አንድ ተርጓሚ የበጀት ሰነድ ሲተረጉም ይህን ካላስተዋለ ስህተቱ አንድ ሺህ እጥፍ ይሆናል።

የአሥርዮሽ አጻጻፍም ይለያል። በፖርቱጋልኛ የአሥርዮሽ ምልክቱ ነጠላ ሰረዝ ነው፤ ስለዚህ 3,14 ተብሎ የተጻፈው ሦስት ነጥብ አንድ አራት ነው። በብራዚል ሺዎች የሚለዩት ደግሞ በነጥብ ስለሆነ 1.500 የሚለው አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። ቋንቋውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቃሉን በትክክል ተርጉሞ ቁጥሩን ሊሳሳት፣ ሒሳቡን ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሰነዱን ጨርሶ ላያነበው ይችላል።

ይህ ትምህርት ለምን ሥራ ያዘጋጃል?

ፖርቱጋልኛ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ከሚጠቀምባቸው ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብና የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብም ይጠቀሙበታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ አባል የሆነችበት ብሪክስ መሥራቾች መካከል ብራዚል ትገኛለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ሉዋንዳ፣ ወደ ማፑቶና ወደ ሳኦ ፓውሎ ይበራል። በእነዚህ ተቋማትና አገሮች ውስጥ የስታትስቲክስ ዘገባ፣ የንግድ መረጃና የበጀት ሰነድ በፖርቱጋልኛ አንብቦ መተንተን የሚችል ባለሙያ ተፈላጊነት ሊኖረው እንደሚችል ይታመናል።

ይሁንና አመልካቾች የተጋነነ ተስፋ እንዳይዙ ማሳሰብ ተገቢ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን አንድን ሰው የጉባኤ አስተርጓሚ አያደርገውም፤ ይህ ሙያ ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ ልዩ ሥልጠና ይጠይቃል። እንዲሁም አንድ የቅጥር ማስታወቂያ «በሒሳብ የተመረቀ» ብሎ ሲጠይቅ፣ የጥምር ዲግሪ ባለቤቱ በቂ የሒሳብ ኮርስ መውሰዱን በትራንስክሪፕቱ ማስረዳት ሊኖርበት ይችላል።

ለማመልከት ምን ያስፈልጋል?

1. የሒሳብ ውጤት። ለጥምር ዲግሪው የሚጠየቀው የሒሳብ ውጤት ሒሳብ ብቻ ለሚያጠና ተማሪ ከሚጠየቀው ብዙም ላይለይ ይችላል። ቋንቋው ከመነሻ ስለሚጀመር ሒሳቡም ከመነሻ ይጀመራል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

2. የመሰናዶ ዓመት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ውጤትን ብቻ ይዞ ለሚመጣ አመልካች በቀጥታ አይፈቅዱም፤ በቅድሚያ «ፋውንዴሽን» የሚባል የአንድ ዓመት መሰናዶ ይጠይቃሉ። ይህም አጠቃላይ ቆይታውን ወደ አምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያሳድገዋል።

3. የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ። ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ደረጃ በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ቢ2 ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ የበለጠ ሊጠይቁ ይችላሉ።

4. ማመልከቻው። የመጀመሪያ ዲግሪ ማመልከቻ የሚቀርበው ዩካስ በተባለው ማዕከላዊ ሥርዓት ሲሆን፣ አንድ አመልካች እስከ አምስት ምርጫ ማስገባት ይችላል። የሚጽፉት የግል መግለጫ ለሁሉም ምርጫዎች አንድ ስለሆነ፣ ሒሳብንም ቋንቋንም በበቂ ሁኔታ ሊዳስስ ይገባል።

በቅርብ ዓመታት አንዳንድ የዩናይትድ ኪንግደም ዩኒቨርሲቲዎች የቋንቋ ፕሮግራሞቻቸውን ቀንሰዋል ወይም ዘግተዋል። ስለሆነም አመልካቾች ፕሮግራሙ በሚገቡበት ዓመት ክፍት መሆኑን፣ ከጀመሩም በኋላ እስከ ፍጻሜው የሚሰጥ መሆኑን ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ቢያረጋግጡ ይጠቀማሉ።

ወጪና ቪዛ

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ተማሪ የሚከፍለው የውጭ ተማሪ ክፍያ ነው፤ መጠኑን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይወስናል። ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው ገንዘብ ቢያንስ ለ28 ተከታታይ ቀናት በባንክ ሒሳብ መቀመጥ አለበት፤ ከስድስት ወር በላይ ለመቆየት ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰውም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማስረጃ ያቀርባል። ቤተሰቦች በጀት ሲይዙ የሦስተኛውን ዓመት ወጪ ለብቻው እንዲያሰሉ ይመከራል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ዓመት የትምህርት ክፍያ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን የጉዞ፣ የመኖሪያና የተጨማሪ ቪዛ ወጪ ይኖራል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተማሪ የዩናይትድ ኪንግደም ቪዛ ስላለው ብቻ በፖርቱጋል ወይም በብራዚል መማር አይችልም፤ ከእነዚህ አገሮች የረጅም ጊዜ ቪዛ ማግኘት ይጠበቅበታል። ሂደቱ ጊዜ ስለሚወስድ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ዝግጅት መጀመር ያሻል።

በዩናይትድ ኪንግደም የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ልጆች ሁኔታ የተለየ ነው። የመኖሪያ ሁኔታቸው የአገር ውስጥ ተማሪ ክፍያ የሚያሰጣቸው ከሆነ፣ በእንግሊዝ አገር ሙሉ ዓመት በውጭ አገር ለሚያጠና ተማሪ የሚጠየቀው ክፍያ ከመደበኛው ከፍተኛ ክፍያ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ወደ አገር ሲመለሱ

በውጭ አገር የተገኘ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ የአቻ ግምት የሚሰጠው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በጥምር ዲግሪ ረገድ ከዲግሪው ስም ይልቅ ትራንስክሪፕቱ ዝርዝር መረጃ ይሰጣል። ስለዚህ ተመራቂዎች የሚከተሉትን ከዩኒቨርሲቲው ሳይለቁ በፊት በእጃቸው እንዲያስገቡ ይመከራል፦

• ዋናውን የዲግሪ ማስረጃና ሙሉ ትራንስክሪፕት፤
• እያንዳንዱ ኮርስ ምን እንደሚያካትትና ስንት ክሬዲት እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር፤
• በፖርቱጋል ወይም በብራዚል የተወሰዱ ኮርሶችን ውጤት የሚያሳይ ደብዳቤ፤ ይህ በዋናው ትራንስክሪፕት ላይ ላይካተት ይችላል፤
• ከተቻለ፣ ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው የፖርቱጋልኛ ችሎታ ፈተና ውጤት።

ከተመረቁ ከዓመታት በኋላ እነዚህን ሰነዶች ከውጭ አገር ለማስመጣት የሚደረገው ጥረት አድካሚና ወጪ የሚጠይቅ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት የሚጠይቋቸው አምስት ጥያቄዎች

1. በፕሮግራሙ ሒሳብና ፖርቱጋልኛ የሚይዙት ክሬዲት በየዓመቱ ስንት ነው?
2. በመጨረሻው ዓመት መውሰድ የምፈልገው የሒሳብ ኮርስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የትኞቹን ኮርሶች ይጠይቃል?
3. የሁለቱ ክፍሎች የትምህርትና የፈተና ሰሌዳ እንዳይጋጭ ዩኒቨርሲቲው ምን ያደርጋል?
4. በውጭ አገር ዓመት ሒሳብ መማር ይፈቀዳል? ውጤቱስ ይያዝልኛል?
5. ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዤ መቀጠል ብፈልግ እስከ መቼ መቀየር እችላለሁ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ከዩኒቨርሲቲው ግልጽ መልስ ያገኘ አመልካች ሁለት ዝንባሌዎቹን ይዞ ለመጓዝ የሚያስችል መንገድ አለው። መልስ ያላገኘ ከሆነ ግን ሒሳብን በዋናነት ይዞ ፖርቱጋልኛን በምርጫ ኮርስነት መውሰድ፣ ወይም ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ቋንቋውን በተናጠል መማር የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ተማሪዎችና ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላቸውና ውል ከመፈረማቸው በፊት እነዚህን ነጥቦች አብረው ተወያይተው እንዲወስኑ እናሳስባለን።